ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ የሚቆመው ቦቴ

መስከረም 18

ለምወድህ ልጄ፣ ለጩጬ፤

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ? ያላችሁበትን ቤት ያሙቅላችሁ፤ የወጣህበትን ሁሉ በሰላም ያውርድህ። አንተ ሊፍት ጠጋኝ ከሆንክ ወዲህ ጸሎቴ ሁሉ ስለ መውረድ ሆኗል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ ሌላው አካሌ ከእኔ ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስልክ ላይ አንተም «ደህና ነኝ» እኔም «ደህና ነኝ» ተባብለን ስለሚያልቅብን ነው። ደግሞም ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። ግድግዳችን ስስ ነው፤ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ደግሞ እንደ መርፌዋ የሾለ ነው።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ሽንት ቤታችን እምቢ አለ። መጀመሪያ ውሃ ሲለቀቅበት ጉል ጉል ይል ጀመር። ኋላ እያንገራገረ፣ እየተለመነ መውረድ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ግን የሰጠነውን ይመልስልን ጀመር። ከዚህ በላይ አላብራራልህም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ታነበው ይሆናል።

የጓሮው ጉድጓድ ሞልቶ ነው። ባሌ ጋሼህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቆሞ ያስቆፈረው፤ አንተ ዳር ተቀምጠህ ጠጠር እየወረወርክ «አክስቴ፣ እታች ሰው አለ ወይ?» ያልክበት ጉድጓድ። ከዚያ ወዲህ ማንም ከፍቶት አያውቅም። እኔ ሞኟ አንዴ ከተቆፈረ ለዘላለም የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አጥር ላይ ተንጠልጥላ «እትዬ፣ ጓሮዎ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» ስትለኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ፣ ምድር ተከፍታ መዋጥ ሲባል ሌላ ጉድጓድ ይሁንልኝ።

ባለ ቦቴ አስጠራሁ። ጸጥ ያሉ፣ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ሰው መጡ። «ለመጨረሻ ጊዜ የተመጠጠው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሉኝ ይሻላል» አልኳቸው። አልሳቁብኝም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ክዳኑን ቁልቁል እያዩ «ብዙ ታግሷል» አሉ። አነጋገራቸው ደስ አለኝ።

ለማስመጠጫ የሚሆን የተቻለህን ብትልክልኝ ብዬ ነው። እስከዚያ የልብስ ሰፊዋን ቤት እያንኳኳሁ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሽንት ቤት ለመበደር።

አክስትህ

*

ጥቅምት 6

ለአክስቴም ለእናቴም፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ፣ የሊፍት ሞተር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የግራሶ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ምሳ ሰዓት ነበር፤ እንደፈራሽው። ቢሆንም በላሁ። አንቺ ያሳደግሽው ልጅ ምግብ አይመልስም።

ለባለቤቴ ሳነብላት «ሽንት ቤት ለመበደር» የሚለው ላይ ስደርስ ወንበር ይዛ ሳቀች። ሰላም በይልኝ ብላለች። ገንዘቡን ዛሬውኑ ልኬአለሁ፤ ለመጠየቅ እንደ እንግዳ አትሽኮርመሚ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የጉድጓዱ ክዳን ላይ አትቁሚ። እኔ በቁምጣ ስሮጥ የፈሰሰ ኮንክሪት ነው፤ ከስር ያለው ፌሮ በእርጥበት ተበልቶ ይሆናል። ብረት እንዴት እንደሚያረጅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቀኑን ሙሉ የምጨቃጨቀው ከእሱ ጋር ነው። የልብስ ማስጫውን ገመድም ከዚያ ላይ አንሺው።

ዘንድሮ እንኳ ሳልመጣ አልቀርም። አምናም ብያለሁ፤ አውቃለሁ።

ጩጬ

*

ኅዳር 11

ለልጄ፤

የላክኸው ደረሰኝ። ያልተነካ እጅ፣ ያልጎደለ ሌማት ይስጥህ። ጉድጓዱ ተመጠጠ፤ ቤታችን ተነፈሰ።

ቱቦው ወደ ጓሮ የሚያልፈው በሳሎን መሀል ስለሆነ ምንጣፌን ላነሳ ብል ባለ ቦቴው ቀድመውኝ ከበሩ እስከ ጓሮ ላስቲክ አንጥፈዋል። ሞተሩ ሲነሳ ቤቱ ከመሠረቱ ተንቀጠቀጠ። የጋሼህ ፎቶ ግድግዳው ላይ ዘመመ። ሰውየው ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ አዩትና ወደ ጓሮ ተመልሰው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ መጥተው አቃኑት።

ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንደነበረ ብነግርህ ታፍርብኛለህ። በረጅም ዘንግ ሲለኩት ላዩ ላይ የረጋ ቅባት እንደ ክዳን ተጋግሯል። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የመጥበሻ ዘይት ነው፤ የተረፈኝን እደፋበታለሁ።» «እትዬ፣ ጉድጓድም እንደ ሆድ ነው፤ ቅባት ሲበዛበት ይታወካል» አሉኝ። ጨርቅም ወጣ። በረኪና በገፍ እንደምደፋ ሲሰሙማ ክፉኛ አዘኑ። ቆሻሻውን እያብላላ የሚያሟሟ በዓይን የማይታይ ነፍስ እታች አለ አሉ፤ በረኪናው እሱን ይፈጃል። «ታች የሚሠሩልዎት ሠራተኞች አሉ፤ አይግደሏቸው።» አየህ፣ ልጅ ሆነህ እታች ሰው አለ ወይ ያልከው እውነትህን ኖሯል።

ችግሩ ግን ገና አላለቀም። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ አፈር ውስጥ ወደሚሰርግበት የሚሄደው ቱቦ ተዘግቷል። የዘጋው ያንተና የጋሼህ ሎሚ ነው፤ ሥሩ ቱቦውን ሰብሮ ገብቶ ውስጡን እንደ ፀጉር ሞልቶታል። ስለዚህ ለመመላለስ ይገደዳሉ።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘህ አንድ ወፍራም ቦት ጫማ ላክልኝ። የወንድ። የሳቸው ተቀዶ ውሃ ያስገባል፤ ከግቢ ሲወጡ እግራቸው ሲንቿቿ ሰማሁ። ቁጥራቸው አርባ ሦስት ነው። ቁጥራቸውን የጠየቅኋቸው እንዲያው ለጨዋታ ነው።

አክስትህ

*

ታኅሣሥ 9

ለምወድሽ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከነባለቤቴ ይድረስሽ። ቦት ጫማው ተልኳል። ከሱቅ ገዝቼ ስገባ ባለቤቴ «ለማን ነው?» ብትለኝ «ለአክስቴ ባለ ቦቴ» አልኳት። ቅንድቧን አነሳች። ለምን እንዳነሳች ብጠይቃት «እንዲያው ነው» አለችኝ።

እዚህ ሕንፃችን ላይ ለሚሠራ ቧንቧ ሠራተኛ ስለ ጉድጓድሽ ነገርኩት። አንድ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ጉድጓድ አንዴ ከተመጠጠ ለዓመታት ዞር ብሎ የሚያየው አያስፈልግም አለኝ። የቱቦውም ጉዳይ ቢበዛ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው አለ። ታዲያ ሰውዬሽ ምን ያመላልሳቸዋል? እኔ ክፉ ለማሰብ አይደለም። ግን ብቻሽን ነሽ፤ ብቻዋን ያለችን ሴት በር ማን እንደሚያንኳኳ አይታወቅም። ሰው ላይ ቶሎ ትራሪያለሽ።

ሎሚውንም እንዳያስቆርጡሽ አደራ። ጋሼ ችግኙን ሲያቆም አፈሩን ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ጩጬ

*

የካቲት 6

ለጩጬዬ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? መልስ ስላዘገየሁ አትቀየመኝ፤ የሰው ጉዳይ በዝቶብኝ ነው። እግሬን ትንሽ አደናቅፎኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነው። ስትደውልልኝ ያላነሳሁልህ እግሬ ቶሎ ስላላደረሰኝ ነው።

ሎሚው አልተቆረጠም። እሳቸው ሥሩን ቆፍረው ሲያዩት ዋሉ። እኔ ቆርጠው ይገላግሉኝ ብል ኖሮ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። «መቁረጡማ ቀላል ነው» አለኝ። «ግን የተከለው ሰው መጥቶ መልሶ አይተክለውም።» ስለዚህ ቱቦውን በዛፉ ዙሪያ አዙሮ ሊወስደው ወሰነ። አዲስ ቦይ ቆፈረ፤ ከስሩ ጠጠር ደለደለ፤ ቱቦው ውሃው እንዲሄድበት ዘንበል ያለ መሆኑን በውሃ ልክ እየለካ፣ እየተነሳ እየተቀመጠ ወገቡ ተቆረጠ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዛዥ ነበርኩ። ሎሚው ይኸው አብቧል።

የልብስ ማጠቢያውን ውሃም ወደ አትክልቱ ቀየረው፤ ጉድጓዱ እንዳይጨናነቅ። አሁን ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅበት ድምፁ ተቀይሯል። ጤነኛ ሰው ሲውጥ እንደሚሰማው ነው።

ገንዘብ አትላክ፤ ምንም አልጎደለኝም። ከቻልክ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ፤ ጋዜጣ ራቅ አድርጎ ለሚይዝ ሰው የሚሆን። የእኔ እንኳ ደህና ነው።

አክስትህ

*

የካቲት 29

ለአክስቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? መነጽሩ ከዚህ ጋር አለልሽ፤ ለማን እንደሆነ ባላውቅም።

ሳልደብቅሽ ልንገርሽ። ልብስ ሰፊዋ ደውላልኝ ነበር። «ነገር ለማመላለስ አይደለም» ብላ ጀመረች፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚከተለው ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቴው በራችን ላይ ይቆማል አለችኝ። ቱቦ አይዘረጋም፤ ሞተር አይነሳም። ሰውየው ይገባል፤ ውሎ ይወጣል። ሰፈሩ በሙሉ ያያል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንጂ።

በየሳምንቱ የሚሞላ ጉድጓድ በዓለም ላይ የለም! ያታልልሻል። ዛሬ ቱቦ፣ ነገ ክዳን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ግድግዳው ሰነጠቀ ይልሻል። እኔ እዚህ ሰማይ ላይ ተንጠልጥዬ የምሠራው አንቺ እንዳይከፋሽ እንጂ ለእሱ አይደለም። ለሰውየው የጻፍኩት አብሮ አለልሽ፤ ስጪው። ባለቤቴ «አንድ ቀን አሳድረው፣ ነገ ትልከዋለህ» ብላኝ ነበር፤ አላሳደርኩትም።

ጩጬ

*(ከዚሁ ጋር የተላከ)*

ለባለ ቦቴው፤

የማላውቅዎ ሰው ነኝ፤ እርስዎም አያውቁኝም። አክስቴ ብቻዋን ብትኖርም የሚጠይቃት ሰው የላትም ማለት አይደለም። የጉድጓዱ ሥራ አልቋል። ከእንግዲህ መኪናዎን በበራችን ላይ እንዳያቆሙ።

የወይዘሮዋ ልጅ

*

መጋቢት 21

ለልጄ፤

ጤና ይስጥህ። ደብዳቤህን አንብቤ ስቀመጥ ስነሳ ሰነበትኩ። አንዴ ስቄ አንዴ አለቀስኩ፤ በመጨረሻ ተናደድኩ። አሁን ግን ሁሉም ወጥቶልኛልና ያልነገርኩህን ልንገርህ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴም እንደ ጉድጓዱ ሞላ።

እግሬን አደናቀፈኝ ያልኩህ ውሸት ነው። ክዳኑ ተሰብሮ ገባሁ።

አትቁሚበት ብለኸኝ ነበር፤ ሰምቻለሁ፤ ግን አንሶላ ሳሰጣ የት እንደቆምኩ መቼ አየሁ! ባለ ቦቴው የሎሚውን ሥር ሊያዩ መጥተው ጓሮ ጥግ ይቆፍሩ ነበር። ከስሬ ጠስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ አንድ እግሬ እስከ ጭኔ ወረደ፤ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ታች በተንጠለጠለው ፌሮ መሀል ተቀረቀረ። የያዝኩት አንሶላ ፊቴ ላይ ተከመረ። ሰውየው አካፋውን ጥሎ በደረቱ ተኛና «እጅሽን! እጅሽን ስጪኝ! ወደ ታች አትተንፍሺ፣ ቀና በይ!» አለኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን። ከዚያ በኋላ ወደ «እርስዎ» መመለስ አቃተን። ከጉድጓድ ጎትቶ ያወጣህን ሰው እንዴት «እርስዎ» ትለዋለህ?

ሌላ መኪና አልተገኘም፤ በቦቴው ሕክምና ወሰደኝ። ጋቢና ውስጥ ከፍ ብዬ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬ በምን እንደተነከረ ታውቃለህ። እዚያ ስንደርስ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ሐኪሙም ፊቱን አዞረ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የሚሸተው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም» አለ። ልጄ፣ ያን ዕለት እጁን ታጥቦ ነበር፤ ልብሱም ላይ ከአፈር በቀር ምንም አልነበረበትም። የምሸተው እኔ ነበርኩ። ከዚያም ለሐኪሙ እንዲመቸው ብሎ ውጭ ወጥቶ ብርድ ላይ ቆመ።

ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ጀሶ ገባ። እዚያ ሩቅ ሆነህ እንዳትረበሽ ብዬ ሸሸግሁህ። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኑ ነው። መጀመሪያ የመጣው አዲስ ክዳን ሊሠራ ነው፤ ጠንካራ፣ መክፈቻው በጎን የሆነ። ቀጥሎ ለቱቦው መጣ። ከዚያ እኔ መቆም ስላልቻልኩ ሊያበስልልኝ መጣ፤ ጨው ያበዛል። ከዚያ ምክንያት አለቀበት። ያለ ምክንያትም መጣ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ እግዜር ልጅ አልሰጠውም። ጀሶው የወጣ ቅዳሜ «አብረን ብንኖርስ?» አለኝ። «ልጄን ሳልጠይቅማ አይሆንም» አልኩት። ልጽፍልህ ወረቀት ዘርግቼ ሳለ ነው ያንተ የደረሰው።

ለእሱ የተጻፈውን ማስቀረት ደግ አልመሰለኝም፤ ሰጠሁት። በላክኸው መነጽር አነበበው። አጥፎ ኪሱ ከተተና «ልጅሽ ልክ ነው። በአክስቴ በር ላይ ሰው እንዲህ ቢቆም እኔም እንዲህ እጽፍ ነበር» አለኝ። «እሱ እስኪፈቅድ ከደጅሽ አልደርስም፤ የቤትሽ ወንድ እሱ ነው።» «የቤቴ ወንድ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ፤ ግን ሄደ።

ይኸው ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ። መንገዱ ላይ መኪና ሲያልፍ መጋረጃ ገልጬ አያለሁ። በእኔ ዕድሜ!

አልቆጣህም። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጻፍልኝ።

አክስትህ

*

ሚያዝያ 24

ለልጄ፤

ደህና ነህ ወይ? ደብዳቤም አልመጣ፣ ስልክም አልጮኸ። ከተቀየምክ «ተቀይሜአለሁ» በለኝ፤ እኔም የምለውን አላጣም። ዝምታህ ግን አንተ ጋ ያልነበረ ጠባይ ነው። ልጅ ሆነህ እንኳ ስታኮርፍ ከአልጋ ስር ሆነህ «አኩርፌአለሁ» ብለህ ትናገር ነበር።

እግሬ ጥሩ ነው። ሽንት ቤቱም ጥሩ ነው። ሌላው እንዳለ ነው።

አክስትህ

*

ግንቦት 12

ለእናትነትሽ ወሰን ለሌለሽ አክስቴ፤

ይኸው ከአልጋ ስር ወጥቻለሁ።

የመጋቢቱ ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ራሴን ረገምኩ። ጭንሽ ድረስ ገብተሽ እኔ እዚህ ስለ ሎሚ እጽፋለሁ! ወዲያው ልደውልልሽ ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ኀፍረት ነው። ባለ ቦቴ! ሰው ምን ይላል? ጋሼ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ማን ሊቀመጥ ነው? ይህን ላንቺ እንዳልናገር አፈርኩ፤ ሌላ ነገር እንዳልናገር ደግሞ ውሸት ሆነብኝ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ቀን ቀንን እየወለደ ዝምታው ከእኔ በላይ ሆነ።

ባለቤቴ ታገሠችኝ፤ ታገሠችኝና አንድ እሑድ ትዕግሥቷ አለቀ። ደብዳቤዎችሽን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «እስቲ እዚህ ላይ አንብብ፤ እሳቸው ይላል። እዚህ ላይስ? አለኝ፣ ቆፈረ፣ ደለደለ። እሳቸው መቼ እሱ ሆኑ? እኔ የካቲት ላይ አውቄአለሁ። አንተ ብረት እንጂ ሰው መቼ ታያለህ!» አለችኝ።

«ግን እኮ የሚሠራው ሥራ...» አልኳት።

«አንተስ? በየቀኑ ግራሶ ግራሶ እየሸተትክ ትገባለህ። በር ዘግቼብህ አውቃለሁ?»

ተነስቼ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩ። ሐኪሙ ፊት «የሚሸተው እኔ ነኝ» ያለው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። እኔ ልጅሽ ነኝ፤ አሳድገሽኛል፤ ወረፋው ላይ ብቆም ኖሮ ግን ያን ቃል አፌ ላይ አገኘው ነበር? እርግጠኛ አይደለሁም። እሱ አገኘው። እንዲህ ያለ ውሸት የሚዋሽልሽ ሰው ካለ፣ አክስቴ፣ እኔ ማነኝና ፈቃድ እሰጣለሁ? ፈቃድ ሳይሆን ምርቃት ተቀበይኝ። ዕድሜያችሁን ያለምልመው። የጋሼም ወንበር ባዶውን ከሚያረጅ ሰው ይቀመጥበት።

የዕረፍት ፈቃዴ ነሐሴ ላይ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን። ቲኬት ተቆርጧል። እስከዚያ ግን እንዳትጠብቁን። ለእሳቸው የጻፍኩት አብሮ አለ።

ጩጬ

*(ከዚሁ ጋር የተላከ)*

ለተከበሩ፤

እንደምን አሉ? የቀደመውን ደብዳቤ ቢቀዳድዱልኝ፣ ቢያቃጥሉልኝ፣ ወይም ወደሚያውቁት ቦታ ቢጥሉልኝ። አክስቴን ከጉድጓድ ስላወጡልኝ ገና አላመሰገንኩዎትም። ዛፋችንን ስላተረፉልንም እንዲሁ። መኪናዎን በበራችን ላይ እንዳያቆሙ ጽፌ ነበር፤ አሁን እዚያው እንዲያቆሙ እለምናለሁ። አክስቴ ስትናደድ ዝም ይበሏት፤ ዝም ስትል ደግሞ ያናድዷት። ሌላውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ልጅዎ

*

ሰኔ 27

ለልጄና ለልጄ ሚስት፤

አፈር ስሆን፣ በየትኛው ልጀምር? ሠርጌን ልንገራችሁ እንጂ!

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጠዋት ነው። ለፖስተኛ አልሰጠሁትም፤ ለሰውም አላስያዝኩትም። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ደህና ጫማ አደረግሁና እያነከስኩ ቦቴዎቹ የሚታጠቡበት ግቢ ሄድኩ። ሾፌሮቹ በሙሉ ቱቦ ይዘው ይረጫሉ፤ ግቢው ኩሬ ሆኗል። እሱ ያንተን ቦት ጫማ አድርጎ መኪናው ስር ተንበርክኮ ነበር። አንዱ ሾፌር «አያ ዝምታ! የምታውቀው ጉድጓድ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ለካ ስለ እኔ ያወራል! ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው።

ደብዳቤውን ሰጠሁት። እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ መነጽሩን አደረገ። አነበበ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ ደግሞ አደረገው፤ ደግሞ ጭጋግ ያዘበት። «ልጅዎ ብሎ ነው የፈረመው» አለኝ በመጨረሻ። «አይቻለሁ» አልኩት። «ተሳስቶ ይሆን?» «እሱ ልጅ ሲሳሳት ረጅም ደብዳቤ ነው የሚጽፈው» አልኩት።

የምንፈራረም ቀን ሲደርስ በታክሲ ልምጣ አለኝ። ሰፈሩ እንዳይስቅብሽ አለ። «ቦቴህን አጥበህ፣ ይዘሃት ና» አልኩት። «ሰው የማያየው ቦታ ላይ ላቁማት?» «በሩ ላይ! ልጄ የጻፈልህ በሩ ላይ ነው።» መጣ። እንዴት አድርጎ እንዳጠባት ብታይ፣ ፊትህን ታይባታለህ። ከፍ ብዬ ጋቢና ገባሁ። ሁለተኛዬ ነው በእሷ ስሄድ፤ የዛሬው ግን እግሬ ደርቆ።

ልብስ ሰፊዋ ከወሬዋ ወዲህ ዓይኔን ማየት ፈርታ ነበር። ኋላ ጨርቅ ይዛ መጣችና ልለካሽ አለችኝ። ቀሚሴን ሰፋች፤ አፏንም አብራ ሰፋችው መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታስተናግድ ዋለች።

ስንመለስ ቤቱ ሞላ። የእሱ ባልደረቦች ከነሚስቶቻቸው፣ ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ እንኳ መጣ፤ ጠርቼው ነው፣ አፍንጫውን ሳይዝ እንዲያየኝ። የጋሼህ ፎቶ ከቦታው አልተነሳም። ሙሽራው ሲገባ ቀና ብሎ አየውና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥ ስለው መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ነበር የተቀመጠው። ከምሳ በኋላ ተደገፈ።

ተበላ፣ ተጠጣ። ይህን ያህል ሰው ሲበላና ሲጠጣ መጨረሻው የት እንደሆነ ታውቃለህ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ሙሽራዬ ሆዬ ሰው ሲያጫውተው «እህ» ይላል፣ ጆሮው ግን እዚያ ነው። ውሃ በተለቀቀ ቁጥር አንገቱን ያቀናል፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ ይቆማል። በጠረጴዛው ስር በጤነኛው እግሬ መታሁት።

«ዛሬ እንኳ ተወው፣ በሠርግህ ቀን!»

«እሺ» አለኝ፤ አልተወም። ወዲያው አንድ ወፍራም ሾፌር ገብቶ ወጣ፤ ውሃው ሲለቀቅ እኛ ጋ ተሰማ። ሙሽራዬ እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ አብሬው አዳመጥኩ።

«ወረደ» አለኝ በጆሮዬ።

አክስትህ